ከለገጣፎ ወደ ሜክሲኮ ከተማ፤ የነጋዴ የአየር ጉዞ አሰናዳድ

በአዲስ አበባ የሜክሲኮን አደባባይ የማያውቅ ነጋዴ አይገኝም፤ ስሙ ዕለት ዕለት በታክሲ ረዳቶች አንደበት ሲጠራ ይሰማል። አደባባዩ ይህን ስም ያገኘበት ምክንያት ግን ለብዙዎች የተሰወረ ነው። ሜክሲኮ የፋሽስት ኢጣልያን ወረራ እንደ ሕጋዊ ግዛት ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሰኔ ወር 1946 ዓ.ም. ያችን አገር ጐብኝተዋል። የወዳጅነቱ ምልክት ይሆን ዘንድ አዲስ አበባ ለሜክሲኮ፣ የሜክሲኮም ዋና ከተማ ለኢትዮጵያ አደባባይ ሰይመዋል። በስም እንዲህ የተቀራረቡት ሁለት ከተማዎች በንግድ ረገድ ግን ገና ብዙ አልተገናኙም። አንዱም ምክንያት መንገዱ ሩቅ ብቻ ሳይሆን አሰናዳዱ ስላልታወቀ ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ የለገጣፎ ነጋዴ ወደዚያች ታላቅ ከተማ ለንግድ ጉዳይ ለመሄድ ቢያስብ ምን በምን ቅደም ተከተል ማድረግ እንደሚገባው ይገለጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ «ምን ይዤ ልሂድ? ምንስ አይቼ ልመለስ?» የሚለው ነው። ቡና ይዞ ለመሄድ ያሰበ ሰው ቢኖር ሐሳቡን ደግሞ ይመርምረው፤ ሜክሲኮ ራሷ በቺያፓስ፣ በቬራክሩዝና በኦአሃካ ቡና የምታመርት አገር ናትና። ለባለ ቡና ቡና መሸጥ የማይቻል ነገር አይደለም፤ ዳሩ ግን በጥሬው ሳይሆን በስሙና በጣዕሙ ለሚታወቅ፣ ተቆልቶና ታሽጎ ለሚቀርብ ቡና ብቻ የሚሆን ሥራ ነው። ከዚህ ይልቅ ጥቂት ሰው ብቻ ያሰበበት አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም ካርካዴ ነው። የሜክሲኮ ሰዎች «ሀማይካ» እያሉ የሚጠሩትን ይህን ቀይ አበባ ቀቅለውና አቀዝቅዘው ከምሳቸው ጋራ ይጠጡታል። የራሳቸው ምርት ስለማይበቃቸው ከሱዳንና ከናይጄሪያ ጭምር ያስገባሉ። ሱዳን የምትሸጠውን ዕቃ ከሱዳን ጠረፍ ወዲህ ባለው ቆላም ማልማት ይቻላልና፣ ላኪዎች ሊያስቡበት ይገባል። ቆዳን በሚመለከት ደግሞ ከዋና ከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ በጓናህዋቶ ግዛት የምትገኘው ሌዮን የሜክሲኮ የጫማ ሥራ መናኸሪያ ናት። በዚያም ሳፒካ የተባለው የጫማ ትርኢት ይደረጋል፤ የተለፋ ቆዳ ናሙና ያለው ነጋዴ ጉዞውን ከዚህ ትርኢት ጋራ ቢያገጣጥም ብዙ ደጅ ከማንኳኳት ይድናል።

ሽምብራ ላኪዎች የሚሄዱበት ምክንያት ከዚህ የተለየ ነው። ሜክሲኮ በሲናሎአና በሶኖራ የምታመርተው ነጭና ትልልቅ ሽምብራ በዓለም ገበያ የታወቀ ነውና፣ እዚያ የሚኬደው ሊሸጥ ሳይሆን ተወዳዳሪን ሊያዩ ነው። አንዱ አውንስ ስንት ፍሬ እንደሚይዝ ተቈጥሮ ዋጋ የሚወጣለት እንዴት እንደ ሆነ፣ እንዴትስ እንደሚበጠርና እንደሚታሸግ በዓይን አይቶ መመለስ ከትንሽ ሽያጭ የበለጠ ጥቅም አለው።

የጉዞው ዕቅድ የሚጀምረው ከፓስፖርት ሲሆን ቲኬት የመጨረሻው ነገር ነው። ብዙ ነጋዴ ግን ነገሩን ገልብጦ፣ ርካሽ ቲኬት አገኘሁ ብሎ ከገዛ በኋላ ቪዛ ፍለጋ ይሮጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ሜክሲኮ ከተማ በቀጥታ የሚያደርስ የመንገደኛ አይሮፕላን ስለሌለ፣ መንገደኛው በሦስተኛ አገር አልፎ መሄዱ ግዴታ ነው። ያም ሦስተኛ አገር የራሱ ደንብ አለው። ሰውየው የሜክሲኮን ቪዛ በደንብ ይዞ ሳለ፣ የሚያልፍበት አገር የመተላለፊያ ቪዛ ስለሌለው ብቻ ቦሌ ላይ ሻንጣውን ይዞ ሊመለስ ይችላል። አየር መንገዶች ፈቃድ የሌለውን መንገደኛ ቢያደርሱ ቅጣት ስለሚከፍሉ በዚህ ነገር ልመና አይሰሙም። የቲኬቱ ገንዘብ፣ የሆቴሉ ቀብድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ከሚጠብቀው ሰው ጋራ የተያዘው ቀጠሮ በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

ስለዚህ መንገዱ የሚመረጠው በፓስፖርቱ ውስጥ ያለው ቪዛ ታይቶ ነው። የሜክሲኮ ደንብ ለነጋዴ የሚያመች አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የጃፓን ወይም የሸንገን አገሮች ጊዜው ያላለፈ ቪዛ ያለው ሰው፣ ለጉብኝትና ደመወዝ ለማይከፈልበት የንግድ ጉዳይ ሲሄድ የሜክሲኮ ቪዛ አይጠየቅም። እንግዲህ የአሜሪካ የንግድ ቪዛ ያለው ነጋዴ በአንድ ቪዛ ሁለት በር ይከፍታል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሄዶ፣ ከዚያ ሌላ አይሮፕላን ይዞ ሜክሲኮ ይገባል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የሚያልፍ መንገደኛ ለማለፍ ብቻ ቢሆንም እንደ ማንኛውም ገቢ በኢሚግሬሽን ፊት ቀርቦ፣ ሻንጣውንም ተቀብሎ እንደ ገና ማስረከብ አለበትና፣ በሁለቱ በረራዎች መካከል በቂ ሰዓት መተው ይገባዋል። በቶሮንቶ በኩል የሚሄድም የካናዳን ፈቃድ መያዝ አለበት።

እነዚህ ቪዛዎች የሌሉት ነጋዴ አዲስ አበባ ለሚገኘው የሜክሲኮ ኤምባሲ ያመለክታል። ለእርሱ የሚቀናው መንገድ በኢስታንቡል በኩል ያለው ነው። የቱርክ አየር መንገድ ከነሐሴ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢስታንቡል ወደ ሜክሲኮ ከተማ ይበራል፤ ከአይሮፕላን ጣቢያው ሳይወጣ በኢስታንቡል የሚያልፍ መንገደኛም የቱርክ ቪዛ አያስፈልገውም። በአውሮፓ በኩል፣ ይኸውም በፍራንክፈርት፣ በፓሪስ ወይም በማድሪድ ለመሄድ የሚያስብ ግን ይጠንቀቅ። ኢትዮጵያውያን ከጣቢያው ባይወጡ እንኳ የጣቢያ መተላለፊያ ቪዛ ከሚጠየቁት ሕዝቦች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። በዱባይ በኩል የሚሄደው የኤምሬትስ አይሮፕላንም በመካከሉ ባርሴሎና ስለሚያርፍ፣ የስፔንን ደንብ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ካርታ ላይ አጭር የሚመስለው መንገድ ለፓስፖርቱ ረጅም ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጥንቃቄ ቲኬቱ ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድነት መቈረጡ ነው። ጥቂት ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ እስከ ኢስታንቡል አንድ፣ ከኢስታንቡል ወዲያ ሌላ ቲኬት የሚገዛ ሰው፣ ሻንጣውን መሀል መንገድ ላይ ወጥቶ መቀበል ሊኖርበት ነው። ለመውጣት ደግሞ የመግቢያ ቪዛ ይፈልጋል። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይና ሁለተኛው ጥሎት ቢሄድ የሚጠይቀው ባለ ዕዳ አያገኝም።

ለኤምባሲው የሚቀርቡት ወረቀቶች የታወቁ ናቸው፤ ፓስፖርት፣ የንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ ከሜክሲኮው ድርጅት የተላከ የግብዣ ደብዳቤና የመሳሰሉት ናቸው። ለገጣፎን በሚመለከት ግን አንድ የተለየ ችግር አለ። በ2015 ዓ.ም. ለገጣፎ ለገዳዲ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከሌሎችም ጋራ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልላለች። በዚህም የተነሣ በአንድ ነጋዴ እጅ ያሉት ሰነዶች በሁለት ስም የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የቆየው ወረቀት ለገጣፎ ለገዳዲ ከተማ፣ አዲሱ ሸገር ከተማ ሲል፣ የባንኩ ደግሞ አዲስ አበባ ብሎ ያልፋል። የአገሩን ሁኔታ ለማያውቅ ኮንሱል ይህ ሦስት ልዩ ልዩ አድራሻ ነው፤ ጥርጣሬም ሊያሳድርበት ይችላል። ስለዚህ የታደሰ ፈቃድ መያዝ፣ ካልተቻለም ስሞቹ አንድ ስፍራ መሆናቸውን የሚገልጥ ደብዳቤ ከአስተዳደሩ ማስጻፍ ይበጃል። በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፉትም ሰነዶች በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ስፓኝኛ መተርጐም አለባቸው።

የስም አጻጻፍም ቀላል ነገር አይደለም። የሜክሲኮ ሰው ከራሱ ስም ቀጥሎ ሁለት የቤተሰብ ስም ይይዛል፤ የመጀመሪያው የአባቱ ወገን፣ ሁለተኛው የእናቱ ወገን ነው። የኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ይዞ ሲቀርብ፣ የአያቱ ስም የእናቱ መስሎ በሌላ ተራ ሊጻፍ ይችላል። በቲኬት፣ በሆቴልና በግብዣ ደብዳቤ ላይ ስሙ ፊደል በፊደል እንደ ፓስፖርቱ መሆኑን ጸሐፊው ደጋግሞ ማመሳከር ይኖርበታል። አንዲት ፊደል ብትለይ በመርካቶ ማንም አይጨነቅባትም፤ በአይሮፕላን ጣቢያ ግን ሌላ ሰው ታደርጋለች።

ስለ በረራው ራሱ ጥቂት ማወቅ ለነጋዴ አይከፋም፤ የሚከፍለው ዋጋና የሚፈጅበት ሰዓት ከዚህ የተነሣ ነውና። የቦሌ አይሮፕላን ጣቢያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር፣ የሜክሲኮ ከተማም 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። በከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል፣ የሞተሩም ጉልበት ይደክማል፣ ለመነሣትም ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ሙሉ ጭነት የያዘ አይሱዙ መኪና የዓባይን በረሃ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። አይሮፕላኑ ግን እየተንፈራገጠ ይውጣ ስለማይባል፣ ያለው ምርጫ ጭነት ወይም ነዳጅ መቀነስ ነው። ነዳጅ ከቀነሰ ደግሞ በመንገዱ አርፎ መጨመር አለበት።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የኢትዮጵያ አይሮፕላን በመንገድ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳውና ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ የሚመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። የቱርኩም አይሮፕላን እንዲሁ ያደርጋል። ከኢስታንቡል ዝቅተኛ ስፍራ ተነሥቶ በአንድ ትንፋሽ ከ13 ሰዓት በላይ በርሮ ሜክሲኮ ይደርሳል፤ ሲመለስ ግን ከደጋው ከተማ በቀላል ነዳጅ ተነሥቶ በባሕር ዳርቻ በምትገኘው በካንኩን ካረፈ በኋላ ነው ወደ ኢስታንቡል የሚሻገረው። ስለዚህ የመመለሻው ጉዞ ከመሄጃው የተለየ መሆኑን አውቆ ቀጠሮን ማስላት ይገባል። በቢሾፍቱ አጠገብ ከቦሌ ዝቅ ባለ ስፍራ ለታቀደው አዲስ አይሮፕላን ጣቢያም ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የከፍታ ነገር ነው።

ከፍታው በሌላ በኩል ለኢትዮጵያዊው መንገደኛ በጎ ነገር ነው። ከጠረፍ ከተማዎች የሚመጡ እንግዶች ሜክሲኮ ሲገቡ ሁለትና ሦስት ቀን ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ትንፋሽም ያጥራቸዋል። ከቦሌም ከፍ ብላ በተቀመጠችው በለገጣፎ የሚኖር ሰው ግን ይህ አይደርስበትም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮው ኦሊምፒክ ብዙዎች በስስ አየሩ ሲደክሙ፣ ማሞ ወልዴ የማራቶኑን ወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው በዚያው ከተማ ነው። አበበ ቢቂላ በታመመ እግሩ ጀምሮ በመንገድ ያቋረጠበትም ውድድር ይኸው ነበር።

ሰዓትና ቀንን መሳት ከቪዛ ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ የሚያስጠፋ ነገር ነው። ቲኬቱ የሚጻፈው በአውሮፓ ቀንና በሃያ አራት ሰዓት አቈጣጠር ነው። ለምሳሌ የ15ኛው ቀን 01:30 ተብሎ ቢጻፍ በኢትዮጵያ አነጋገር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ማለት ሲሆን፣ መንገደኛው ከለገጣፎ የሚወጣው በ14ኛው ቀን ማታ በ3 ሰዓት ግድም ነው። በ15ኛው ቀን ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ የሚደርስ ሰው አይሮፕላኑ ካለፈ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው። በአያትና በመገናኛ በኩል ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሚጨናነቅ ለለገጣፎ ሰው መንገር አያስፈልግም።

በሁለቱ አገሮች መካከል ዓመቱን ሙሉ የ9 ሰዓት ልዩነት አለ፤ ሜክሲኮ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በበጋ ሰዓት የመቀየርን ልማድ በአብዛኛው አገሯ ስለ ተወች ይህ አይለዋወጥም። በሜክሲኮ ቢሮ ሲከፈት፣ በለገጣፎ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሆኖ ባንክም ተዘግቷል። እንግዲህ እዚያ ያለው ነጋዴ ከባንኩ ወይም ከመጋዘኑ ሊጠይቅ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ማታ ጽፎ መላክ አለበት፤ ሲነጋ መልሱን ያገኛል። በቀን ጽፎ በዚያው ቀን መልስ የሚጠብቅ ግን አንድ ቀን ሙሉ ያባክናል። ጸሐፊው ወይም ሱቅ ጠባቂው በጉዞው ሳምንት ጧት በሰዓቱ እንዲገኝ አስቀድሞ ማዘዝ አይዘንጋ።

የጉዞውን ወር ለመምረጥ የሁለቱንም አገር በዓላት ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። በሜክሲኮም ክረምቱ እንደ ኢትዮጵያው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ዝናቡም አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። በመስከረም 6 ግድም የነፃነታቸው በዓል ይውላል። ከታኅሣሥ 3 ቀን ገደማ ከጓዳሉፔ ማርያም በዓል ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 28 ድረስ ደግሞ ከተማው በበዓል መንፈስ ስለሚሆን ቁም ነገር ያለው ቀጠሮ ማግኘት ያስቸግራል። በዚያን ጊዜ የሄደ ነጋዴ የእነርሱን ገና ሥራ ፈትቶ ከርሞ ለራሱ ገና ባዶ እጁን ይመለሳል። የሕማማታቸው ሳምንትም እንዲሁ ሰው ሁሉ ከከተማ የሚወጣበት ነው፤ ቀኑ ከኢትዮጵያው ጋራ አንዳንድ ዓመት ስለማይገጥም በቀን መቁጠሪያ መመልከት ይገባል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ወይም ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ወራት ለሥራ የተሻለ ነው።

የውጭ ምንዛሪን በሚመለከት ባንኩ ለንግድ መንገደኛ የሚፈቅደውን መጠን ደንቡ በሚሻሻልበት ጊዜ ሁሉ ስለሚለውጥ፣ በጉዞው ሰሞን ከባንኩ መጠየቅ ይሻላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የጉዞን ወጪ በብር አስልቶ ወራት መጠበቅ የሚያዋጣ አይደለም፤ ሒሳቡ በዶላር ይሠራ። ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ወይም የእርሱን ያህል ዋጋ ያለው ገንዘብ ይዞ ሜክሲኮ የሚገባ ሰው ለጉምሩክ ማስታወቅ አለበት። ናሙናን በሚመለከትም ዘር፣ ጥሬ እህልና ጥሬ ቡና በሻንጣ ይዞ መግባት ያለ ሴናሲካ ፈቃድ አይሞከርም፤ ሴናሲካ የእርሻና የእንስሳትን ጤና የሚጠብቀው የሜክሲኮ መሥሪያ ቤት ነው። ቡናና ሽምብራ ለሚያመርት አገር ከውጭ የሚመጣ ተባይ ትልቅ ፍርሃት ስለሆነ በዚህ አይቀልዱም።

መንገደኛው ሲደርስ የሚያርፈው በቤኒቶ ሁዋሬዝ አይሮፕላን ጣቢያ ሲሆን፣ ጣቢያው ከከተማው መሀል ብዙም አይርቅም። ጭነት ብቻ የሚያመላልሱ አይሮፕላኖች ግን በጥር 2015 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ መሠረት ከከተማው በስተ ሰሜን ወዳለው ወደ ፌሊፔ አንኸሌስ ጣቢያ ተዛውረዋል፤ ይህም ጣቢያ የተከፈተው በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ነው። ናሙና ወይም ዕቃ አስቀድሞ የሚልክ ነጋዴ በየትኛው ጣቢያ እንደሚራገፍ ካልጠየቀ አንዱን ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ያሳልፈዋል። የኢሚግሬሽኑ ሹም የሚፈቅደው እስከ 180 ቀን ሲሆን፣ ሁሉን ግን አይሰጥም፤ በፓስፖርቱ ላይ የጻፈውን የቀን ቁጥር እዚያው ቆሞ ማንበብ ብልህነት ነው። ወደ ሆቴል ለመሄድ በጣቢያው ውስጥ ዋጋው ተከፍሎ ቲኬት የሚሰጥበት የተፈቀደ ታክሲ አለ፤ ከደጅ ከሚጠሩት መራቅ ይገባል።

ከተማው በእ.ኤ.አ. 2020 በተደረገው ቈጠራ 9.2 ሚሊዮን ያህል ሰው የነበረበት ሲሆን፣ በዙሪያው ካሉት ከተማዎች ጋራ ወደ 22 ሚሊዮን ይደርሳል። እነዚያ የዙሪያ ከተማዎች በአብዛኛው የሚተዳደሩት በዋና ከተማው ሳይሆን «ኤስታዶ ደ ሜሂኮ» በሚባለው ሌላ ግዛት ነው። ለለገጣፎ ነጋዴ ይህን መረዳት አያስቸግርም፤ መንገዱን ሳያቋርጥ የሚያስተዳድረው ሲለወጥ ማየት የኖረበት ነገር ነው። ስለዚህ የአንድ ድርጅት አድራሻ «ሜክሲኮ» ስላለ ብቻ በከተማው ውስጥ ነው ብሎ ቀጠሮ መያዝ አይገባም፤ የሁለት ሰዓት መንገድ ሊሆን ይችላልና። ከዚሁ ዙሪያ አንዷ ቴስኮኮ ናት። በአጠገቧ የስንዴና የበቆሎ ምርምር የሚደረግበት ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ ማዕከል ይገኛል። ካካባና ዳንዳአ የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ለኢትዮጵያ ገበሬ የተለቀቁት የስንዴ ዘሮች ከዚህ ማዕከል በመጣ ዘር የተገኙ ናቸው። ዱቄት ነጋዴና ወፍጮ ያለው ሰው ቀጠሮ ጠይቆ ቢያየው አይቈጭም።

አንድ ነጋዴ በሜክሲኮ ከተማ አንድ ስፍራ ብቻ ለማየት ጊዜ ቢኖረው ሴንትራል ደ አባስቶ የተባለውን የጅምላ ገበያ ይመልከት። በኅዳር 1975 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ገበያ 327 ሄክታር ስፋት አለው። መርካቶን የሚያውቅ ሰው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በሥርዓቱም ይደነቃል፤ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬና ቅመም በየመጋዘኑ ተከፋፍሎ፣ መኪናው በአንድ ወገን ሲያራግፍ ገዥው በሌላ ወገን ይሸምታል። ዋናው ሥራ የሚከናወነው ገና ሳይነጋ ስለሆነ ከ3 ሰዓት ጧት በኋላ የሄደ የሚያየው ትራፊውን ነው። በርበሬ ነጋዴ ከሁሉ ይልቅ የሚቆይበት የደረቅ ቃሪያው መደብር ነው። ሰባትና ስምንት ዓይነት በርበሬ፣ እያንዳንዱ በስሙና በዋጋው፣ በሽታውና በቀለሙ ተለይቶ ተከምሯል። ኢትዮጵያ የወጥዋን በርበሬ ያገኘችው ከዚያ የዓለም ክፍል መሆኑን ሲያስብ፣ እዚህ በአንድ ስም ተቀላቅሎ የሚሸጠው እዚያ ተለይቶ ስንት ዋጋ እንደሚያወጣ ያሰላል። በመሀል ከተማ ደግሞ እንደ መርካቶ ተራዎች እያንዳንዱ ጎዳና የራሱ ዕቃ አለው፤ ለምሳሌ ዶንሴሌስ የተባለው ጎዳና የአሮጌ መጻሕፍት ነው።

ቀጠሮ ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ1874 የተቋቋመው የሜክሲኮ ከተማ ንግድ ምክር ቤት የተሻለ በር ነው። ነጋዴው ከአገሩ ምክር ቤት የማስተዋወቂያ ደብዳቤ አጽፎ፣ በስፓኝኛ አስተርጕሞ፣ ከጉዞው ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ቢልክ የሚቀበለው ሰው ያገኛል። በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ተጥሎ ይቀራል። ከሜክሲኮ ሰው ጋራ የሚደረግ ትልቁ የንግድ ንግግር በምሳ ላይ ነው፤ ምሳውም እንደ እነርሱ ሰዓት ከቀትር በኋላ በሁለት ሰዓት ገደማ ጀምሮ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ቀጠሮ መያዝ ከንቱ ነው። ጾመኛ ወይም እስላም የሆነ ነጋዴ ባቄላ መሰሉን የአደንጓሬ ወጣቸውን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው «ማንቴካ» በሚባል የአሳማ ስብ ስለሆነ ከመብላቱ በፊት ይጠይቅ። ውኃም ከቧንቧ አይጠጣም።

የምድር መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያ ጩኸት ቢሰማ ሰው እንደሚያደርገው ማድረግ ነው። ታላላቆቹ መንቀጥቀጦች በመስከረም 9 ቀን 1978፣ እንደገና በመስከረም 9 ቀን 2010፣ ደግሞም በመስከረም 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ደርሰዋል፤ በየዓመቱም በዚሁ ዕለት ለልምምድ ጩኸቱ ይነፋል። እንግዳ ሰው ልምምዱን እውነት አድርጎ ከሆቴል በሸሚዝ ብቻ ቢወጣ የሚስቅበት የለም።

በከተማው ውስጥ ለመንቀሳቀስ ሜትሮ የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ርካሽና ፈጣን ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ ጋራ የራሱ ሥዕል አለው፤ ባቡሩ ሥራ በጀመረበት በ1961 ዓ.ም. ማንበብ የማይችል ብዙ መንገደኛ ስለ ነበር የተደረገ ዘዴ ነው፤ ስፓኝኛ ለማያውቅ ነጋዴም ያገለግላል። በሦስተኛው መስመር ላይ በነሐሴ 1972 ዓ.ም. የተከፈተው አንዱ ጣቢያ ኢትዮጵያ ይባላል፤ ሥዕሉም የአንበሳ ራስ ነው። ከምድር በላይ ወጥቶ በአካባቢው ላሉት ባለ ሱቆች ካርካዴውን የሚያሳይ ነጋዴ ከየት እንደ መጣ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ዋጋውን በኪሎ፣ በፔሶና እዚያው በሚደርስበት ሒሳብ አስልቶ ይዞ ይገኝ እንጂ።